«ኮምፒውተሩ ካነበበለት ልጄ መቼ ያነባል?»

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል። ሰኞ ሲሆን ይብስበታል፤ ቅዳሜ ምንም አይለውም። ሐኪም መርምሮት ምንም አላገኘበትም። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ፈትኖት ዲስሌክሲያ አለበት፣ ጭንቀትም አለበት አለን። አሁን መጽሐፍ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ኮምፒውተር፣ የሚናገረውን የሚጽፍለት ፕሮግራም፣ ጫጫታ የሚቀንስ የጆሮ ማዳመጫና ሲጨንቀው የሚከፍተው የስልክ መተግበሪያ እንስጠው፣ ፈርሙ ይሉናል። ባለቤቴ ‹ኮምፒውተሩ ካነበበለት ልጄ መቼ ያነባል? ሰነፍ ሊያደርጉት ነው፤ መዝገቡም ላይ የአእምሮ በሽተኛ ብለው ሊጽፉበት ነው› ብሎ አልፈርምም አለ። እኔን ደግሞ የሚገርመኝ፣ ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ አማርኛ ያነባል። ታዲያ እንዴት ማንበብ ይቸግረዋል ይሉኛል? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ። እሱ ከተፈታ የባለቤትዎም ጥያቄ ግማሹ ይፈታል።

ልጅዎ አማርኛ ማንበቡ የትምህርት ቤቱን ውጤት ሐሰት አያደርገውም። ዲስሌክሲያ የዐይን ችግር አይደለም፤ የማሰብ ችሎታ ማነስም አይደለም። ድምፅንና ፊደልን በፍጥነት፣ ያለ ድካም የማገናኘት ችግር ነው። የእኛ ፊደል በዚህ በኩል ለአንባቢው ይራራለታል። «በ» የትም ቦታ «በ» ነው፣ «ቡ» የትም ቦታ «ቡ» ነው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከመለየት በቀር ፊደል የቆጠረ ልጅ ፊቱ ያለውን ቃል ድምፅ ሰጥቶ ይወጣዋል። እንግሊዝኛ ግን አንዱን የፊደላት ቅንጅት በአምስትና በስድስት ዓይነት ድምፅ ያስነብባል፤ ተጽፎ የማይነበብ ፊደልም ሞልቶበታል። እንደ ጣልያንኛ ጽሑፉና ድምፁ በሚስማማበት ቋንቋ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ብዙ አይሳሳትም፤ የሚታወቀው በዝግታውና በድካሙ ነው። እስቲ ልጅዎ አይቶት የማያውቀውን የአማርኛ ገጽ ይስጡትና ያድምጡት። በቃሉ የያዘውን ጸሎት ወይም መዝሙር ሳይሆን አዲስ ገጽ። ፊደል በፊደል እየለቀመ ሄዶ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መነሻው ከጠፋበት ያው ችግር በአማርኛም አለ ማለት ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ያደገ ልጅ በልምምድ ማነስም ስለሚዘገይ ይህን እንደ ምርመራ አይቁጠሩት። ትምህርት ቤቱ የነገረዎት ግን ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ያዩበታል።

ወደ ሆድ ቁርጠቱ ልምጣ። «ሰኞ ይብሳል፤ ቅዳሜ ምንም አይለውም» ያሉት ዓረፍተ ነገር ለባለሙያ ብዙ ይናገራል። ልጁ እየዋሸ አይደለም፤ ሆዱን በእውነት ያመዋል። ፍርሃት የአንጀትን አሠራር ይቀይራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ያስጠላል። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ መውሰድዎ ትክክል ነው። ሐኪሙ ሆዱን ብቻ አይቶ ከሆነ ግን ተመልሰው ስለ ጭንቀት መጠይቅ እንዲያደርግለት ይጠይቁ። የአሜሪካ የመከላከያ ጤና አገልግሎቶች ግብረ ኃይል ከ8 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ምልክት ባይታይባቸውም ስለ ጭንቀት እንዲጠየቁ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመክራል። ስለዚህ የሕፃናት ሐኪሙ ጥያቄዎን እንግዳ ነገር አያደርገውም።

ጭንቀቱ ከየት እንደሚመጣ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ለተመለከተ ሰው ግልጽ ነው። መምህሩ «አንቀጽ አንቀጽ እያደረግን ተራ በተራ እናንብብ» ይላል። ማንበብ የሚቸግረው ልጅ ወዲያው ከፊቱ ያሉትን ተማሪዎች ይቆጥራል። የእሱ ተራ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሚውል ያሰላል። ከዚያ ያንን አንቀጽ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደጋግሞ ለብቻው ያነበንባል። ሌሎቹ ያነበቡትን አንዲት ቃል አልሰማም። ተራው ሁለት ሰው ሲቀረው እጁን አውጥቶ መጸዳጃ ቤት ልሂድ ይላል። መምህሩ መዝገቡ ላይ «ትኩረት የለውም፤ ብዙ ጊዜ ይወጣል» ብሎ ይጽፋል። ይህ በቀን ስድስትና ሰባት ክፍለ ጊዜ ይደጋገማል፤ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ታሪኩም ሳይንሱም የሒሳብ ጥያቄውም በንባብ ነውና የሚመጣው። አንዲት ድክመት የሁሉም ትምህርት ድክመት ሆና ትቀመጣለች። ልጁም ከዚህ የሚወስደው ማጠቃለያ «ንባብ ይከብደኛል» የሚል አይደለም፤ «ደደብ ነኝ» የሚል ነው። የሰኞው ሆድ ቁርጠት ከዚህ ነው የሚነሳው።

ስለ ተማሪዎች የአእምሮ ጤናና ስለ ቴክኖሎጂ ሲወራ የሁሉም ዐይን ወደ ስልኩ መተግበሪያ ይሄዳል፤ ትንፋሽ ወደሚያስቆጥረው፣ የዝናብ ድምፅ ወደሚያሰማው። እኔ ግን ከቀረቡላችሁ አራት ነገሮች ለልጅዎ ጭንቀት ከሁሉ የሚበልጠው ስለ ጭንቀት አንድም ቃል የማይናገረው ነው እላለሁ፤ መጽሐፉን የሚያነበው ኮምፒውተር። መተግበሪያው ፍርሃቱ ከመጣ በኋላ ያባብለዋል። አንባቢው ፕሮግራም ግን ፍርሃቱ የሚነሳበትን ነገር ይቀንሳል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አብዛኛው ትምህርት ቤት ለልጆች የሚሰጠው ክሮምቡክ የተባለውን የጉግል ላፕቶፕ ነው፤ የመረጡትን ጽሑፍ የሚያነብ መሣሪያ አብሮት ተሠርቶ ይመጣል፤ የማይክሮሶፍቱም የአፕሉም እንዲሁ አላቸው። ልጁ የሳይንስ ገጹን ይከፍታል፣ ጽሑፉን ይመርጣል፣ ድምፁ ማንበብ ይጀምራል፤ የሚነበበው ቃል በቀለም እየደመቀ ይሄዳል። ዐይኑ ቃሉን ይከተላል፣ ጆሮው ትርጉሙን ይይዛል። አሁን ጉልበቱን ፊደል ለመልቀም ሳይሆን ስለ ፎቶሲንተሲስ ለማሰብ ያውለዋል። መምህሩ ሲጠይቅ መልስ አለው። እጁን የሚያወጣው ለመጸዳጃ ቤት ሳይሆን ለመመለስ ይሆናል። ይህ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ሲመጣ ግን ሰኞ ቀለል ማለት ይጀምራል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ለወላጆች ሲያስረዱ «እንደ መነጽር ማለት ነው» ይላሉ። ንጽጽሩን አልወደውም። መነጽር ባደረጉበት ሰዓት ያሳያል፤ ይህ ግን ልምምድ ይፈልጋል፤ ብዙ መሣሪያ ቦርሳ ውስጥ ሞቶ የሚቀረውም ወላጅ እንደ መነጽር ጠብቆት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሰልቺ ናቸው። ድምፁ የብረት ድምፅ ይመስለዋል፣ ፍጥነቱ አይመቸውም። ስለዚህ ድምፁን ራሱ ይምረጥ፤ ፍጥነቱን ዝግ አድርጎ ይጀምርና ሲለምድ ያፍጥነው። ልምምዱ ደግሞ በቤት ሥራ አይጀመር። ኳስ ከወደደ ስለ ኳስ፣ ጨዋታ ከወደደ ስለ ጨዋታ የተጻፈ ያንብብበት። ቡክሼር የሚባለው የመጻሕፍት አገልግሎት ዲስሌክሲያን ጨምሮ ማንበብ ለሚቸግራቸው የአሜሪካ ተማሪዎች በነጻ ነው፤ ትምህርት ቤቱ መዝግቦ ሊከፍትለት ይችላል። ልጅዎ የክፍል ጓደኞቹ የሚያወሩበትን ወፍራም ልብ ወለድ እሱም ጨርሶ ቢያወራበት ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ወላጅ የማያስተውለው፣ ትምህርት ቤትም ቸል የሚለው አንድ እንቅፋት አለ። መምህራን ብዙ ጊዜ ገጹን ፎቶ አንስተው ወይም ስካን አድርገው ይልካሉ። ለእኛ ጽሑፍ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን ሥዕል ነው፤ አንድም ቃል አያነብለትም። ልጁ ቁልፉን ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ ዝም ይላል፣ ክፍሉ ወደፊት ይሄዳል። ይህ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል፤ ጥፋቱም የልጁ ተደርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለልጅዎ በሚያወጣው የግል የትምህርት ዕቅድ ላይ «ኮምፒውተር ይሰጠዋል» የሚለው ብቻውን አይበቃም። «ሁሉም መምህራን ጽሑፉን ፕሮግራሙ ሊያነበው በሚችል መልክ ያቀርባሉ» የሚለው አብሮ ይጻፍ።

ሁለተኛው እንቅፋት እፍረት ነው። በ12 ዓመት ዕድሜ ከክፍሉ ተለይቶ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ማጥለቅ ለአንዳንዱ ልጅ ከማንበቡ የባሰ ቅጣት ነው። አንድ ጆሮ ላይ ብቻ የሚገባ ትንሽ ማዳመጫ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መምህሩ «ማዳመጥ የሚፈልግ ሁሉ ማዳመጥ ይችላል» ብሎ ለክፍሉ በሙሉ ሲከፍተው ነው። ያን ጊዜ ዲስሌክሲያ የሌለባቸውም ያጠልቃሉ፤ ልጅዎ ከብዙዎቹ አንዱ ይሆናል። ይህን ዕቅዱ በሚወጣበት ስብሰባ ላይ ይጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱን ምንም ወጪ አያስወጣውም።

የሚናገረውን የሚጽፈው ፕሮግራም ለቤት ነው የሚጠቅመው። ክፍል ውስጥ ሠላሳ ልጅ እየሰማው ድርሰቱን ለኮምፒውተር አይናገርም። ቤት ግን ሐሳቡን መጀመሪያ ተናግሮ ያስጽፍና ቁጭ ብሎ ያርመዋል፤ አፉ ላይ ያለውና ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ያን ያህል የተራራቀ መሆኑን ያዩ ወላጆች ይደነግጣሉ። ለክፍሉ ደግሞ ቃሉን ገና ሲጀምረው የሚጠቁመው ፕሮግራም ይቀላል። ጫጫታ የሚቀንሰው ማዳመጫ ለፈተናና ለምግብ አዳራሽ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሆነ ግን ልጁን ከሰው ይለየዋል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ባለቀለም መነጽር፣ ባለቀለም ፕላስቲክ፣ «ለዲስሌክሲያ የተሠራ» የተባለ የፊደል ቅርጽ ይሸጥላችኋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ባለቀለም መነጽርና የዐይን ስፖርት ለዲስሌክሲያ ማስረጃ እንደሌላቸው በ2009 ጽፏል፤ ልዩ የፊደል ቅርጹም ንባብን አላሻሻለም። ለእነዚህ አንድ ዶላር አታውጡ።

መተግበሪያውን በተመለከተ ረዘም ላድርግ፤ አደጋው እዚህ ስላለ። ትንፋሽ የሚያስቆጥር፣ ጡንቻን የሚያፍታታ፣ ልጁ ስሜቱን በአንድ ምልክት የሚመዘግብበት ቀላል መተግበሪያ ክፉ አይደለም። ግን ሕክምና አይደለም። ለልጆች ጭንቀት በመጀመሪያ ደረጃ የሚመከረው አስተሳሰብንና ባሕርይን አብሮ የሚያክም የንግግር ሕክምና ነው፤ በውስጡም ልጁ የሚፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ እንዲጋፈጠው ይደረጋል። ይህ ሰው ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ መተግበሪያውን ከሰጠና አማካሪ ካልሰጠ፣ ርካሹን ሰጥቶ ውዱን እንዳስቀረ ይቁጠሩት። በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝ ዕቅዱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ደግሞ ምስጢሩስ? ብዙ ሰው የጤና መረጃ ሁሉ ሐኪም ቤት እንዳለው ዓይነት ጥበቃ ያለው ይመስለዋል። የሐኪም ቤቱ ሕግ በራስዎ ፈቃድ ከስልክ መደብር ያወረዱትን መተግበሪያ አብዛኛውን ጊዜ አይመለከትም። በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕ የተባለውን የኢንተርኔት የምክር አገልግሎት የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለመሰሎቹ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። ልጅዎ 13 ዓመት ስላልሞላው አንድ ተጨማሪ መከላከያ አላችሁ፦ በ1998 የወጣው የልጆች የኢንተርኔት ሕግ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የመተግበሪያውን ስም ይጠይቁ፤ ልጁ የሚጽፈውን ማን እንደሚያነበው፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስቀምጡት ይጠይቁ። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተርም ልጆች የሚጽፉትን የሚቃኝና አስጊ ቃል ሲያገኝ የሚጠቁም ፕሮግራም ሊኖርበት ይችላል። ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ልጁ ግን መኖሩን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

እንደ ሰው የሚያወሩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችን ግን ለዚህ ዕድሜ ጭራሽ አልመክርም። «ይሰማኛል፣ አይፈርድብኝም» ይላሉ ልጆች፤ እውነት ነው፣ አይፈርድበትም፤ አያውቀውምም። በ2024 አንዲት የፍሎሪዳ እናት የ14 ዓመት ልጇ እንዲህ ባለ ፕሮግራም ተጠምዶ ሕይወቱን አጥፍቷል ብላ ኩባንያውን ከሳለች። ማታ ማታ በስልኩ ከማን ጋር እንደሚያወራ በቁጣ ሳይሆን በጨዋታ መልክ ይጠይቁት።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ጥያቄ። «ሰነፍ ያደርገዋል» የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። ያደግነው የኔታ ፊት ጮኸን እያነበብን፣ ከተሳሳትን አለንጋ እየቀመስን ነው፤ ማንበብ ማለት በራስ ድምፅ ማንበብ ነው። መሣሪያው የንባብ ትምህርቱን ተክቶ ከመጣ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፤ እኔም አብሬያቸው አልፈርምም። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ድምፅና ፊደልን ከመሠረቱ፣ በሥርዓትና በቅደም ተከተል የሚያስተምረው የሠለጠነ መምህር ያስፈልገዋል፤ 12 ዓመት ለዚህ አልዘገየም። ዕቅዱ ላይ ሁለቱም ይኑሩ። ንባብ በሚማርበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ተዘግቶ በራሱ ዐይንና በራሱ ድምፅ ይታገል። ታሪክና ሳይንስ በሚማርበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ያንብብለት፤ እዚያ የሚፈተነው ታሪኩን ማወቁ ነውና። ባለቤትዎን «ያለ መሣሪያ ሲቀር የበለጠ ያነባል ወይ?» ብለው ይጠይቋቸው። ያሁኑ ልጅ የሚሸሽ እንጂ የሚያነብ አይደለም። በተቃራኒው የሚደመጥ መጽሐፍ የለመደ ልጅ ቃላት ያካብታል፣ ያ ቃል ደግሞ በጽሑፍ ሲመጣበት ለማንበብ ይቀልለዋል።

ስንፍናን በተመለከተ እኔ የምፈራው ሌላ ነው፤ መሣሪያው መሸሸጊያ እንዳይሆን ነው። ጭንቀት የሚሸሹትን ያህል ያድጋል። ዛሬ ሆዱን አሞት ከቤት የዋለ ልጅ ዛሬ ያርፋል፤ ነገ ግን ትምህርት ቤቱ ከትናንቱ የባሰ ያስፈራዋል። ስለዚህ የሚቀርብልዎትን እያንዳንዱን ነገር በአንድ ጥያቄ ይመዝኑት፦ ልጄን ወደ ክፍሉ ያስገባዋል ወይስ ከክፍሉ ያስወጣዋል? አንባቢው ፕሮግራም ያስገባዋል። በፈለገ ጊዜ ክፍሉን ጥሎ መውጫ የሚሆን ካርድ፣ መመለሻ ሰዓት ካልተወሰነለት፣ ያስወጣዋል። ፊት ወጥቶ ከመናገር ይልቅ ቤት ቀርጾ እንዲያመጣ መፍቀድ ለመጀመሪያው ጊዜ ያስገባዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ያስወጣዋል። እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ ከጅምሩ ይነጋገሩበት። እርስዎም ቤት ውስጥ ይህንኑ ይያዙ፦ ትኩሳት ወይም ትውከት ከሌለ ይሄዳል፤ እየተቆጡት ሳይሆን «እንዳመመህ አምናለሁ፤ እንደምትችለውም አምናለሁ» እያሉት። ጸበልም ጸሎትም ከዚህ ጋር አይጣሉም፤ ከመምህሩና ከአማካሪው ጎን እንጂ በእነሱ ምትክ እስካልቆሙ ድረስ።

የመዝገቡ ጉዳይ ባጭሩ። መጀመሪያ በ1975 የወጣውና ከ1990 ጀምሮ አይዲኢኤ የሚባለው፣ የአካል ጉዳተኛ ልጆችን ትምህርት የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ ልጆችን በ13 ምድብ ይለያል። ዲስሌክሲያ የሚገባበት ምድብ «የተለየ የመማር እክል» የሚል ነው። «የአእምሮ በሽተኛ» የሚል ምድብ የለም። ጭንቀቱ በዕቅዱ ውስጥ ይገለጽ ይሆናል፤ ዕቅዱን የሚያዩት ግን ለማስተማሩ የሚያስፈልጉ ሰዎች ናቸው፤ የተማሪ መዝገብን የሚጠብቅ የ1974 ሕግም አለ። ለኮሌጅ የሚሄደው የውጤት ወረቀት አካል ጉዳትን አይገልጽም። ኮሌጅ ሲገባ ድጋፍ ከፈለገ ራሱ ሄዶ ይናገራል፤ ካልፈለገ ማንም አይናገርበትም። ይልቁንም አሁን የሚጻፈው ነገ ይጠቅመዋል፦ ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና ተጨማሪ ሰዓት ሲጠየቅ «ትምህርት ቤት ውስጥስ ይጠቀምበት ነበር?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

ስብሰባውን በሚመለከት ብዙ ወገኖቻችን መብታቸውን ሳያውቁ ያልፋሉ። ትምህርት ቤቱ የሚባለውን እንዲረዱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በእርስዎ ካውንቲ አማርኛ የተለመደ ነው። ታላቅ እህቱን ወይም ራሱን ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጁ ስለ ራሱ ድክመት የሚነገረውን ለእናቱ ሲተረጉም አይቻለሁ፤ የከበደውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይዘለዋል። በሜሪላንድ ሕግ በስብሰባው የሚታዩት ሰነዶች ከአምስት የሥራ ቀናት በፊት ሊደርሳችሁ ይገባል። የመገኘት ፊርማና የፈቃድ ፊርማ የተለያዩ ናቸው፤ የትኛውን እንደምትፈርሙ ጠይቁ። ልዩ ትምህርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀመረው በእናንተ የጽሑፍ ፈቃድ ነው፤ በኋላም ፈቃዳችሁን በጽሑፍ ማንሳት ትችላላችሁ። ስለዚህ መፈረም በር መቆለፍ አይደለም።

አይዲኢኤ በ1997 ከተሻሻለ ወዲህ ዕቅዱን የሚያወጣው ቡድን ለእያንዳንዱ ልጅ አጋዥ ቴክኖሎጂ ያስፈልገው እንደሆነ መመርመር አለበት፤ ሕጉ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ሥልጠናውንም ይጨምራል፤ ለልጁም፣ እንደ ሁኔታው ለቤተሰቡና ለመምህራኑም። ቡድኑ ለትምህርቱ ያስፈልገዋል ካለ መሣሪያው ቤት ይዞት መሄድ ይችላል፤ እናንተ አትገዙትም። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፤ እኔ ግን ዓመት አትጠብቁ እላለሁ። ለጥቂት ሳምንታት ሙከራ ይጠይቁና የሚለካውን ነገር አብራችሁ ምረጡ፦ ሰኞ ስንት ጊዜ ቀረ፣ ነርስ ቢሮ ስንት ጊዜ ሄደ፣ የቤት ሥራው ያለ ለቅሶ ስንት ሰዓት ላይ አለቀ። ውጤት ከማርክ በፊት እዚህ ላይ ይታያል።

በሕጉ የአንድ ወላጅ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ባለቤትዎን ዘልለው መፈረምን ግን አልመክርዎትም። አባቱ መሣሪያውን እንደሚንቅ ያወቀ ልጅ መሣሪያውን ይደብቀዋል። ይልቅ ስብሰባው ላይ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ፣ የልጁ የሳይንስ መጽሐፍ እየተነበበ፣ ልጁ ራሱ እየተጠየቀ አባቱ ይይ። አባትየው በሥራ ሰዓት መምጣት ካልቻለ በስልክ ወይም በቪዲዮ መግባት ይፈቀዳል።

አንድ ነገር ግን ስብሰባ አይጠብቅም። ልጁ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ነገር ከተናገረ ወይም ከጻፈ፣ ራሱን ከጎዳ፣ የሚወደውን ዕቃ ማከፋፈል ከጀመረ፣ በቀጥታ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም። ወዲያው ራስን ለማጥፋት ሐሳብና ለጭንቅ ጊዜ በተዘጋጀው የ988 መስመር ይደውሉ ወይም ልጁ ራሱ የጽሑፍ መልእክት ይላክ፤ ሲደውሉ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። አደጋው ቅርብ ከሆነ 911።

ከዚህ ውጪ ለዚህ ሳምንት የሚበቃዎት አንድ ደብዳቤ ነው። ለትምህርት ቤቱ በኢሜይል፣ በአማርኛም ቢሆን፣ እንዲህ ይጻፉ፦ ልጄ የአጋዥ ቴክኖሎጂ ግምገማ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ፤ የንባብ ትምህርቱ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነና ማን እንደሚያስተምረው በጽሑፍ ይነገረኝ፤ የምክር አገልግሎቱ በዕቅዱ ውስጥ ይግባ፤ የመተግበሪያው ስምና የምስጢር አጠባበቁ ይላክልኝ፤ ለስብሰባው የአማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ። የላኩበትን ቀን መዝግበው ቅጂውን ያስቀምጡ፤ መልሱ ከዘገየ ያንኑ ኢሜይል ለርእሰ መምህሩ ያስተላልፉ።